ዱላውን ጥሎ የሮጠው ሰው

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1954

«ይችላል» አሉ ወረዳ ገዥው፣ እኔን ሳይጠይቁ። በቃ፣ አስተርጓሚ ሆንኩ። ከደሴ የመጣው የሲኒማ መኪና ሐሙስ ማሽላ መጋዘን ውስጥ የፈረንጅ ፊልም ሊያሳየን ነው። ቆቦ ውስጥ እንግሊዝኛ ያውቃል የሚባለው ደግሞ እኔ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። እንግሊዝኛዬ የጋዝ ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ይበቃል። ይህን ለወረዳ ገዥ መናገር ግን በገዛ አፍ ከሥራ መውጣት ነው።

ቤት ውስጥ የባሰ አለ። ታናሽ ወንድሜ ሙሄ ዛሬም ደጅ አልወጣም። በክረምት፣ በጎርፍ መስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤታችን ከሮቢት ሰዎች ጋር ተጣልቶ፣ ዱላውን ጥሎ እየሮጠ ቤት ገባ። ራያ ውስጥ ዱላውን የጣለ ወንድ ሱሪውን ከጣለ አይሻልም። ልጃገረዶቹ ዘፈን አወጡለት። የእጮኛው የዘሃራ አባት አያ ይመር «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጥሎሻችሁን እመልሳለሁ» ብለው ልከዋል። ሦስት ቀን ቀረን።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ባለሲኒማው ፊልሙን ለብቻዬ አሳየኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ፊልም ገና አፉን የፈታበት ዘመን ነው አለኝ። ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው። የገባኝ ይህ ነው፦

— አንድ ጉረኛ ባላገር አለ። ስለ ምን እንደሚጎርር አላወቅሁም።
— የኳስ ጨዋታ ነው፤ ዳኛው ጥቁር ለብሶ ከባላገሩ ኋላ ቁጢጥ ይላል። (የኛ ዳኛ ይህን ባያዩ ይሻላል።)
— አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ባላገሩ በዱላ ይመታል።
— ከዚያ ዱላውን ጥሎ ይሮጣል።

እዚህ ላይ ባለሲኒማውን አስቆምኩት። ሰውየው በሮጠ ቁጥር አገር ሙሉ ዞሮ ሙሄን ሊያይ ነው። «እባክህ ይህቺን ብቻ ቁረጥልኝ» ብዬ ለመንኩት። «ጋሼ፣ ይህቺ ከተቆረጠች የሚተርፈን የባላገሩ ባርኔጣ ብቻ ነው» አለኝ።

ሙሄን «ነገ እንዳትመጣ» አልኩት። «እመጣለሁ» አለ።

ሐሙስ፣ ጥር 17

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በጠራራ ፀሐይ የመጋዘኑ መስኮቶች በጆንያ ተጋረዱ። «ዱላ ከበር ውጭ ይቀመጥ» ተባለ፤ የሰማ የለም። ወንዱ ሁሉ ዱላውን ጉልበቱ መሃል ተክሎ ተቀመጠ። እኔ ከሸራው አጠገብ ቆሜ ያልገባኝን በኩራት እተረጉማለሁ። ጥቁር ለባሹ ሲጮህ «ቀጠሮ ሰጠ» አልኩ። ማንም አልተጠራጠረም።

ባላገሩ መታ። ዱላውን ጣለ። ሮጠ። የፊልሙ ሕዝብ አጨበጨበ።

የኛ ሕዝብ ዞሮ ሙሄን አየ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ሙሄ! ጓደኛህ መጣልህ!» ሲል መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ።

ምላሴ ቀደመኝ። «በዚያ አገር ሕግ» አልኩ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው፣ «አንድ ጊዜ የመታ አይደግምም። ዱላውን ጥሎ፣ ባዶ እጁን በጠላቶቹ መሃል አልፎ፣ ከተነሣበት ቦታ በሰላም ከገባ ረታ ይባላል።»

አያ ይመር ተነሡ። «አቁመው!» ባለሲኒማው ሞተሩን አጠፋ።

«ስንት ናቸው የከበቡት?»

«ዘጠኝ፣ አያ።»

«እሱስ?»

«ብቻውን ነው።»

«መልሰህ አሳየኝ።»

ምስክር እንደሚመረምር ዳኛ ሦስት ጊዜ አስመለሱት። ከዚያ ከሸራው ዞር አሉ። «ሙሄ፣ አንተንስ ስንት ነበሩ የከበቡህ?»

«አራት።»

«መትተሃል?»

«አንዱን። ወደቀ። ዱላው እጄ ላይ ቢቆይ የምደግመው መሰለኝ። ብደግመው ይሞት ነበር።»

በስድስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። የሰው ቃል መመዝገብ እንጀራዬ የሆነው እኔ፣ ወንድሙ፣ አልጠየቅሁትም።

አያ ይመር ተቀመጡ። «ቀጥል» አሉ። ፍርድ አልሰጡም።

ዓርብ፣ ጥር 18

ጁምዓ ተሰገደ። ጥሎሽ ይዞ የመጣ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያ ይመር ራሳቸው ቢሮዬ ገቡ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው።

«ያ ትናንት ያልከው ሕግ የፈረንጁ ነው ያንተ?»

«ግማሹ የኔ ነው፣ አያ።»

«ወላሂ አውቄአለሁ። አፍህ ከልጅነትህም እንዲሁ ነው።» ፈገግ እንኳ አላሉም። «እኔ ያንተን ወሬ አልሰማሁም፤ የልጁን ነው የሰማሁት። ቢደግም ኖሮ ዛሬ ደም ነበረብን፣ ልጄም የገዳይ እጮኛ ነበረች። ነገ ይዤው ሮቢት እሄዳለሁ። የተመታው ሰው ይቅር ካለ እናያለን። እምቢ ካለ ጥሎሻችሁን ትወስዳላችሁ።»

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ሊነጋጋ ሲል አያ ይመርና ሙሄ በእግራቸው ሄዱ። እናቴ ዱዓ ላይ ናት። እኔ አንድ ክስ ሦስት ጊዜ ገልብጬ ሦስቴም ተሳሳትኩ።

ስምንት ሰዓት። ወሬ የለም።

ዘጠኝ ተኩል። ከሮቢት የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር አገኘሁ። አያ ይመርን አይቷቸዋል፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ባለው ሰውዬ ደጅ ተቀምጠዋል፤ ሙሄ የመታው መሆን አለበት። ፍየል እየተገፈፈ ነበር አለ።

«ከሳቸው ጋር ጎረምሳ የለም?»

«አለ እንጂ፣ እግሯን ይዞ ያግዛል። ባለጠባሳው ‹ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ አንተ ልፍስፍስ!› እያለ ይሰድበዋል።»

ይሰድበዋል! ደም የፈለገ ሰው በፍየል አያያዝ አይሳደብም። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ሠርግ የተናገረ ሰው የለም፤ ይናገር አይናገር አላውቅም። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ጠጣች።