ግራው ላይኛው ሱቅ፣ ቀኙ ታችኛው

ጥቅምት 4፣ ሰኞ
ደመና፣ ትንሽ ካፊያ። ላይኛው ጫማ ቤት ውስጥ ባለቤቱ ጋሼ፣ ከታችኛው ሱቅ የመጣችው ሻጭ፣ አፏ ስለማያርፍ ራዲዮ የምንላት፣ እና የመጋዘን ሠራተኛዋ እኔ።

ጋሼ ፈቀዱ! ሁለቱን ሱቅና መጋዘኑን በአንድ ዝርዝር የሚያገናኘው ፕሮግራሜ እስከ አርብ ይሞከራል። ‹‹ካልሠራ ቅዳሜ ፕሮግራም የሚሸጠው ካምፓኒ ይገባል፤ አንቺም ወደ ካርቶንሽ›› አሉ።

ወደ ካርቶኔ... ያስተማረኝ እኮ ካርቶኑ ነው። አዲስ ጫማ ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚመጣውን ወረቀት ስንቱን በካውያ ተኩሼ አነበብኩት! ከኮምፒውተር መጽሐፍ የተቀደደ ብዙ ነበረበት። ገጽ 41ን አገኘሁ። 42ን እስከ ዛሬ እየፈለግኩ ነው።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ
ሠራ! ታች ሲሸጥ ላይኛው ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩ ቀነሰ።
‹‹እትዬ፣ እኔ ታች ስሸጥ ጋሼ ላይ ሆነው ያያሉ?›› አለችኝ ራዲዮ።
‹‹ያያሉ።››
‹‹ወይ ጉዴ! ቁጭ ስልስ?››
‹‹እሱን አያሳይም።››
‹‹ተመስገን!››

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ
ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ቀዩ ባለ ተረከዝ፣ 38 ቁጥር። ማሽኑ ‹‹ላይኛው ሱቅ አንድ ጥንድ፣ ታችኛው አንድ ጥንድ አለ›› ይላል። ጋሼ ለአንዷ ሸጡ፣ ራዲዮ ለሌላዋ። ከዚያ ስልክ...
‹‹ጋሼ፣ ግራውን ይላኩልኝ፣ ደንበኛ ቆማለች!››
‹‹አንቺ ቀኙን ላኪ እንጂ! የኔዋስ ተቀምጣለች?››

አንድ ጫማ ለሁለት ሴት። ጥፋቱ የማን ነው? የኔው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ‹‹ግራው ላይኛው መስኮት፣ ቀኙ ታችኛው ይቀመጥ፤ አንድ ጥንድ ሁለት መስኮት ያደምቃል›› ያልኩት እኔ ነኝ። ሁላችንም ለመድነው። ለማሽኑ ግን ማን ነገረው? ስመዘግብ ግራውንም አንድ ጥንድ፣ ቀኙንም አንድ ጥንድ... በገዛ እጄ!

የጋሼ ደንበኛ ጫማውን ወሰደች። የራዲዮዋ ተቆጥታ ወጣች። ጋሼ ‹‹ነገ አርብ ነው›› ብቻ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስተካከልኩት። ግራና ቀኝ ለየብቻ ይመዘገባል። አንዱ ሱቅ ሲሸጥ፣ ሌላው ሱቅ ያለው ነጠላ እግር ማሽኑ ላይ ወዲያው ይቆለፋል፣ አይሸጥም። ይሠራ ይሆን?

ጥቅምት 8፣ አርብ
ፀሐይ። አንድ ሰውዬ ቡናማውን፣ 42 ቁጥር ጠየቀ። ማሽኑ ‹‹ግራው እዚህ፣ ቀኙ ታች›› አለ። ጋሼ ሸጡ። ስልኩን ሳያነሱ ራዲዮ ቀኙን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ እየሮጠች ገባች። ‹‹ማሽኑ ቆለፈብኝ! ሌላ ሰው ሊገዛው ነበር፣ እምቢ አለኝ!››

ጋሼ ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ለካምፓኒው ደወሉ፦ ‹‹ነገ አትድከሙ። ባለሙያዋ እዚሁ ቤት ተገኝታለች።››
ባለሙያዋ? ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ... ማንም የለም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ
አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ መጋዘኑን ከፈትኩ። ጠረግኩ። አዲስ ካርቶን ፈታሁ። ከመጀመሪያው ጫማ ውስጥ ወረቀቱን አወጣሁ፣ ዘረጋሁት። ምንም አልተጻፈበትም። ጥጉ ላይ ‹‹ገጽ 42›› ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ፦ ‹‹ስንት ጥንድ አለ ከማለትሽ በፊት፣ ግራው የት ነው፣ ቀኙ የት ነው በይ።›› ይዤው ታችኛው ሱቅ ወረድኩና የራዲዮ ማሽን አጠገብ ለጠፍኩት።