ለዶክተር ልጄ፣ ስሙ በሹክሹክታ ለሚጠራው

ልጄ ደግፌ፣ አባትዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር የት እንዳለህ አውቃለሁ። ደህና ነኝ ብልህም አታምነኝም፤ በር ላይ ሆነህ ፊቴን አይተህ ብቻ ያመመኝን የምታውቅ ልጅ ነበርክ። ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። አንተን የወሰደው ክረምት ዞሮ መጥቶ፣ እሱም ሊወጣ ነው።

እጄ ቀስ ይላል፣ ታውቀዋለህ። ተማሪ ሳለህ የኩሽናውን ግድግዳ በከሰል እየጻፍክ፣ «እማ፣ ሳትዘልይ!» እያልክ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። ዛሬም ሳልዘል ነው የምጽፍልህ።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ቀንም አልከፍተውም። መኪና በራችን ሲደርስ ቀስ ካለ ልቤ ቀጥ ይላል። በቀደም አንዱ ቆመ፤ ልብስ እያጠብኩ ነበር፣ ሳሙናው እጄ ላይ ደረቀ። ለካስ ለጎረቤት ከሰል የሚያራግፍ ነው። ጎረቤታችን ዘይነባ በአጥር ብቅ ብላ፣ «አንቺ፣ ከሰል ደግሞ መቼ ሰው በላ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። የበሩን መቀርቀሪያ ግን እስኪመሽ አላነሳሁም። ከመስኮቱ ትይዩ፣ ፌርማታው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት አንድ ካፖርት የሚለብስ ሰው መቀመጥ ጀምሯል። ጆሮ ጠቢ ነው ይላሉ። ሥራ የፈታ ምስኪን ነው የሚሉም አሉ። የቱ እንደሆነ አለማወቄ ነው የሚያስፈራኝ።

በቤታችን ስምህን ጮክ ብሎ የሚጠራ የለም። ወንድምህ ዘለቀ እንኳ «እሱ» ይልሃል። እኔም ለምጄ «እሱ» እላለሁ።

እኔ እኮ ሐኪም ስትሆን ያበቃ መስሎኝ ነበር። አገር ቤት ክሊኒኩ ላይ ስትመደብ፣ ነጭ ጋዋንህን ለብሰህ ሳይህ፣ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ ብዬ ነበር። ኋላ ሽማግሌዎቹ ፓርላማ ግባልን ሲሉህ ሐኪም ፓርላማ ምን ቤት ነው አልኩ። ያልከኝን አልረሳውም። «እማ፣ አንዱን ሕፃን አድነዋለሁ፤ ያንኑ ውሃ ጠጥቶ ተመልሶ ይመጣል። ውሃውን በመርፌ አላክመው!»

ማንበብ የማይችለው ሰው እንዲለየው እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሥዕል ነበረው። አንተ መርፌ ይሁንልኝ ልትል ነበር። መርፌ ያየ ልጅ ይሮጣል፣ እናቱም አብራው ትሮጣለች ብዬ ተቆጣሁህ። እስክታነባ ሳቅህና እንሰት አደረግኸው። ተፎካካሪህ የባለመሬቱ ልጅ ሥዕሉ ዝሆን ነበር። አገሩ ሁሉ እንሰቱ ዝሆኑን ጣለው እያለ ጨፈረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አላሰበውም። ሰዎቹ ሐኪማቸውን መርጠው ሐኪማቸውን አጡ። ክሊኒኩ ሰው ስላልተተካበት በሽተኛውን በአውቶቡስ ጭነው እኛው ቤት፣ ኮልፌ ድረስ ይመጡ ጀመር። ፓርላማ ትልቅ ሐኪም ቤት የመሰላቸው ነበሩ። ዘይነባ ፍራሽ ታውሰኛለች፣ እኔ አጥሚት አፈላለሁ፣ አንተ ከምክር ቤት ስትመጣ ከረባትህን ሳትፈታ ትንበረከክና ሆዳቸውን ትዳብሳለህ። ደክሞህም ደስ ይልህ ነበር። አይቼሃለሁ።

ያ ሰውን በአንድ ሌሊት የሚያደርቅ በሽታ አገራችን ሲገባ ግን ፊትህ ተለወጠ። ሹማምንቱ የክረምት ተቅማጥ ነው፣ ወሬ አታብዙ አሉ። አንተ እዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው መካከል ተነስተህ፣ በሽታ በስሙ ካልተጠራ መድኃኒቱ አይመጣም አልካቸው። እራት ላይ ስትነግረኝ እጄን አፍህ ላይ ጫንኩት። መስኮቱ ክፍት ነበር። አንተ እጄን ስመህ ከአፍህ ላይ አነሳኸውና ወሬህን ቀጠልክ።

ምክር ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ መድኃኒት ጭነህ አገር ቤት ወረድክ። ሾፌር ከአውራጃው ተሰጠህ። መኪናው ከድልድዩ ወደቀ ብለው ነገሩኝ። ሾፌሩን ጭረት እንኳ አልነካውም አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም። አንተ በተቸነከረ ሣጥን መጣህ። ክፈቱልኝ ስል ያመጡህ ሰዎች ተያዩ። «እማማ፣ ይቅርብዎ» አሉኝ። ለቀብር የመጣው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ማንም ምን ሆኖ ሞተ ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። አንድ ልጅ ቀርቶኛል ብዬ ዝም አልኩ።

አሁን ያንን አንዱን መጡበት፣ አባትዬ።

ሙት ዓመትህ ዕለት፣ ሰው ቀምሶ ሲበተን፣ አቶ ንዳ ሳይሄዱ ቀሩ። ያን ጊዜ አንተን ያስመረጡህ ሽማግሌ ናቸው። ከእርጥብ ጆንያ ውስጥ የእንሰት ችግኝ አውጥተው እግሬ ሥር አኖሩ። «የዶክተር ሥር አልደረቀም። ዘለቀን ለፓርላማ ይስጡን። እናቱ ያልመረቀችውን ሰው አናቆምም» አሉኝ። በአገራችን እንዲህ ያለ ችግኝ ተቀብላ የተከለች እናት እሺ ማለቷ ነው፤ ወደኋላ የለም። መልሱን ለመስቀል እንጠብቃለን ብለው ወጡ።

ዘለቀ አስተማሪ ነው፤ መርፌ እንኳ መያዝ አያውቅም። ዓይኑ ግን ያንተን ዓይን ሆኗል። ኮትህን ለብሶ ይወጣል፤ ድሮ ይውጠው የነበረው እጅጌ ልክ ሆኖለታል። በቀደም ከኋላው አይቼ ስምህ አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት። እምቢ ብዬ ብይዘው ዕድሜ ልኩን አንገቱን ይደፋብኛል። ብመርቀው ደግሞ ያ ድልድይ አለ። ችግኙን አልተከልኩትም። እንዳይሞት ግን ጆንያውን ጠዋት ጠዋት በውሃ አርሳለሁ። እናትህ እንዲህ ሆናለች።

ስፈራ ከረምኩና አንድ ነገር ቆረጥኩ። ሰፈርተኛው ለመስቀል አገሩ ሲገባ እኔም ከዘለቀ ጋር እሳፈራለሁ። ችግኙንም እንደተጠቀለለ አብሬ እጭነዋለሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወርጄ በእግሬ እሻገራለሁ። ከዚያ ሽማግሌው፣ ሹሙ፣ ባለመሬቱ፣ ሁሉም ለደመራው በተሰበሰበበት እቆምና ቀብርህ ላይ ያልጠየቅሁትን እጠይቃለሁ። ልጄን ደግፌን ምን ገደለው? ሾፌሩ የት ገባ? መጀመሪያ የወሰዳችሁትን ንገሩኝ፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ ለምኑኝ እላቸዋለሁ። ስምህን አውጥቶ የሚመልስልኝ ሰው ከተገኘ ችግኙን እዚያው አገር ቤት በጓሮህ እተክለዋለሁ። ሁሉም እንደ ቀብሩ ቀን መሬት መሬቱን ካየ፣ ችግኛቸውን እግራቸው ሥር አኑሬ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።

ድምፄ እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ። ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነው። ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጌ ስምህን ጠራሁት። ያ ባለካፖርት ሰውዬ ቀና አለ። ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ ሥራዋን አቁማ፣ «ድገሚው፣ አልተሰማም» አለችኝ።

ደገምኩት፣ ልጄ። እስክመጣልህ ድረስ እደግመዋለሁ።

እናትህ