በቮሊያ የተወለዱ ሰባት

ሰኔ 14
የቢሮዬን ዕቃ ስሰበስብ ዋልኩ። ጡረታ። ሠላሳ አራት ዓመት የፖለቲካ ጂኦግራፊ አስተምሬ ዘጠኝ ካርቶን ወረቀት! ሚስቴ ዳሪያ የቤታችን በር ላይ ቆማ፣ “ዜኖን፣ ወይ ወረቀቱ ወይ እኔ” አለች። ሚስት አይደለች...

ስም ያሰጠኝ የቮሊያው መጽሐፌ ሊታተም ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ከኤድመንተን ከተማ ወደ ምሥራቅ ባለው የዩክሬኖች ሰፈር ሰባት መቃብሮች ላይ “በቮሊያ የተወለደ” ተብሎ ተቀርጿል። ሰፋሪዎቹ በዩክሬን ካለው የቮሊያ መንደር እንደመጡ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሐምሌ ሰፈሩ መቶ ዓመት ሲሞላው ከዚያው መንደር እንግዶች ይመጣሉ።

ሰኔ 22
የሰፈሩ አዳራሽ ሄድኩ። ሴቶቹ ለበዓሉ ፒሮሂ ይሠራሉ። እማማ ፓራስካ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ድንቹን በሊጥ ሲጠቀልሉ የሚቀድማቸው የለም።

“አንተ ዶክተር፣ እንግዶቹ ምን ሊያደርጉ ነው የሚመጡት?”

“የዘመዶቻቸውን መቃብር ሊያዩ ነዋ። የቮሊያ ሰዎችን።”

“የምን መንደር አመጣህ? ድንጋዩን የጠረበው አባቴ ነው። ሕፃናት እኮ ናቸው! የኅዳር በሽታ የፈጃቸው። እህቴም እዚያው ናት። ባላባት በሌለበት ምድር፣ እዚሁ ስለተወለዱ ነው በነፃነት የተወለዱ ያላቸው።”

ቮሊያ... በዩክሬንኛ ነፃነት ማለት ነው። የመንደር ስምም ነው። የመንደር ስም ቢሆን በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የእማማ ፓራስካ አባት ግን ሁሉንም በትልልቅ ፊደል ቀርጸውታል፤ የልደት ዓመትም አልጻፉም። በምን ልለየው?

“ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገሩኝም?”

“ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ፒሮሂ ጨምሩልኝ ነበር የምትለው!”

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። “ዶክተራችን ፊደል ሳይቆጥር ነው የተመረቀው!” አለች አንዷ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ያስቀኛል?

ሰኔ 23
እማማ ፓራስካ ተሳስተው ቢሆንስ? ዘጠና ሁለት ዓመታቸው እኮ ነው።

ሰኔ 29
አልተሳሳቱም። የቤተ ክርስቲያኑን የጥምቀት መዝገብ አየሁ። ሰባቱም እዚሁ ነው የተጠመቁት። ትልቁ ሲሞት ስድስት ዓመቱ። ያኔ ይህን መዝገብ ለምን አልገለጥኩትም? አዋቂ ሰፋሪዎች ናቸው ብዬ... ማን አዋቂዎች ናቸው አለኝ?

ከእንግዶቹ አንዷ ስቴፋኒያ ናት። የአያቷ ወንድም ኦኑፍሪ ወደዚህ አገር እንደወጣ ቀርቷል። አንዱ ድንጋይ ኦኑፍሪ ይላል፤ የቤተሰቡን ስም ዝናብ በልቶታል። “አግኝቼዋለሁ፣ ነይ” ብዬ የጻፍኩላት እኔው ነኝ። በገዛ እጄ!

ዳሪያ “ዝም በል። አልቅሳ፣ ወጥቶላት ትሂድ። ማንን ትጎዳለህ?” አለች። እውነት፣ ማንን? አላውቅም። ስናገር መጽሐፌን እቀብራለሁ፤ ዝም ስል እሷን በማታውቀው ሕፃን መቃብር ላይ አስለቅሳለሁ። ግራ ገባኝ።

ሐምሌ 17
እንግዶቹ ገቡ። ስቴፋኒያ እህል ውሃ ሳትቀምስ “መቃብሩን” አለች። ከመንደሯ አፈር በመሀረብ ቋጥራ መጥታለች። ተንበረከከች። “አጎቴ፣ አገርህን አመጣሁልህ” አለች። አፈሩን ልትበትነው ስትል እጇን ያዝኩ።

“ቆዪ። እሱ አይደለም።”

እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳት። የአራት ዓመት ሕፃን መሆኑን፣ ስህተቱ የእኔ መሆኑን። ሰው ሁሉ ያየኛል። በጥፊ ብታጮለኝ በወደድኩ።

“ታዲያ የኔ ኦኑፍሪ የት ነው?”

“አላውቅም።”

ይህን ቃል በሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም ነበር። አፈሯን መልሳ ቋጠረችና እጄ ላይ አኖረችው። “የጠፋው እርስዎ ዘንድ ነው፣ ፕሮፌሰር። ሲያገኙት አፈሩን ያልብሱልኝ።”

ሐምሌ 24
እንግዶቹ ከሄዱ አራት ቀን ሆነ። ለአሳታሚው “መጽሐፉን አቁሙ” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያስ? ኦኑፍሪን ፍለጋ የሐዲድ ሠራተኞችን ስም ዝርዝር፣ የማዕድን መንደሮችን የመቃብር መዝገብ ሳገላብጥ ዋልኩ። ሕዝብ ሳጠና አርጅቼ አንድ ሰው መፈለግ አልችልበትም።

ዳሪያ ጠረጴዛዬን ስታጸዳ መሀረቡን አነሳችው። “ቆሽሿል፣ ልጠበው” ብላ ልትፈታው ስትል ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ።

“እንዳትነኪው! የአንድ ሰው አገር ነው።”