ለጌትነት ያልተነገረው መርዶ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ታናሽ ወንድሜ ጌትነት ዛሬም ከመርከቡ በቪዲዮ ደወለ። አባባ ካረፉ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ፤ እሱ ግን አልተረዳም። አጎታችን አያ ሙላት ነገሩን ዘግተውታል፦ «መርዶ በስልክ! ባሕር መካከል ማን ደግፎ ይይዘዋል? ኮንትራቱን ጨርሶ ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ ይረዳል።»

እማዬ ጥቁር ለብሳለችና ካሜራው እንዳያያት ከበሩ ኋላ ቆመች። ድምፁን ከሰማች ራሷን መያዝ ስለማትችል ማዳመጫዬን ሰካሁ፤ ቀይ ሻሽ አስሬ ፈገግ አልኩ። የሰው ወሬ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ የምኖር ሴት፣ አንዲት ወሬ ደብቂ ተባልኩ!

«አባባስ?» አለ።

«ማንኩሳ፣ ሠርግ ሄደዋል።»

«ትናንትም ሠርግ ላይ ነበሩ እኮ፣ እትዬ።»

ሻሼን ማስተካከል ጀመርኩ። እሱም፣ «የመርከቡ አለቆች እንዳንጨነቅ ብለው ታብሌት ኮምፒውተር ሰጥተውናል። በየጠዋቱ ‹ዛሬ እንዴት ነህ?› ይለኛል። ፌስቡክ ላይ ለአባባ ‹ነፍስ ይማር› የሚለውን ካየሁ ጀምሮ ‹ሐዘን ላይ ነኝ› የሚለውን ነው የምጫነው። ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ብቻውን አለቀሰ ብላ ታብዳለች» አለኝ።

እማዬ ከበሩ ኋላ በእጇ ትጠቅሰኛለች፦ ሳቂ፣ ሳቂ እንጂ።

ሳቅሁ።