ከመስኮቱ ስለተፈታው የበረዶ መጽሐፍ

ለክቡር ሚስተር ደልበርት ሹኔማን
የሃውግ ቤይ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ተፈጥሮና ሳይንስ መጻሕፍት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሚኒሶታ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ጥር በረዶ የጠና፣ የቆሙበትም ሁሉ የማይከዳዎት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በኅዳር በረዶ ዳር የምንኖር ሰዎች ለሌላው የምንመኘው ከዚህ የበለጠ መልካም ነገር የለንም። ስሜ አርዲስ ኬስኪታሎ ይባላል፤ በሐይቁ ዳር የዓሣ ማጥመጃ ትልና መንጠቆ ስሸጥ አርባ አንድ የበረዶ ወቅት አሳልፌአለሁ።

ኮሚቴዎ ባለፈው ሐምሌ ተሰብስቦ የልጆቻችንን መደርደሪያ “ካረጁና ከሚያስፈሩ መጻሕፍት” ስላጸዳልን ለማመስገን ብዕር አንሥቻለሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነና ዕድሜዬም የሚያስረሳ ስለሆነ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. ስብሰባውን በሐምሌ በማድረግዎ አመሰግናለሁ። በሐምሌ የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት የሚያሳየው ጀልባና ዋናተኛ ብቻ ነው። እርስዎም ቅጠል ሳይረግፍ የበጋ ቤትዎን ቆልፈው ወደ ትልቁ ከተማ ስለሚመለሱ፣ ያው መስኮት በኅዳር ምን እንደሚያሳይ ይወቁ ብሎ የሚያስገድድዎት የለም። ከመስኮቱ ሥር ያለው የሐይቁ ውሃ በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት መልስ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከሞቁ በኋላ፣ በመንገዱ ሦስት ማይል ከመዞር ብለው በበረዶው ላይ አቋርጠው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ወላጆቻቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

፪. “በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ያልተዋሱት መጽሐፍ ይወገድ” የሚለውን ደንብዎን ያለ አድልዎ በመፈጸምዎ አመሰግናለሁ። የሐይቅ በረዶን ጠባይ የሚያስተምረው ያ ስስ መጽሐፍ የውሰት ካርዱ በእርግጥም ባዶ ነበር። ባዶ የሆነው ግን የሚያነበው ጠፍቶ ሳይሆን፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር ከመስኮቱ ጋር ታስሮ ስለኖረ ነው። ያሰርነውም እኛው ነን፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ተውሶት ሄዶ፣ መስኮቱ ሳምንት ሙሉ ያለ መጽሐፍ ስለዋለ ነው። በዚያ ሳምንት ጅረቱ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል የሆነውን የፔልቶን ቤተሰብ ቢጠይቁ ይነግሩዎታል፤ እኔ ልጽፈው አልችልም።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ራሳቸው ያቆሙት ሥርዓት አላቸው። ከመውጣታቸው በፊት ከሁሉም ታናሽ የሆነው ሦስቱ ቀለማት ያሉበትን ገጽ ገልጦ ከውጭው በረዶ ጋር ያስተያያል፤ ትልልቆቹም ጃኬታቸውን እየቆለፉ፣ “እሺ አለቃ፣ ዛሬ ምንድን ነው?” ይሉታል። ጥቁር ከተባለ ይሰረስሩና ውፍረቱ ጋት ከሞላ ይሄዳሉ፤ ነጭ ከተባለ እጥፉን ይፈልጋሉ፤ ግራጫ ከተባለ ግን አኩራፊውም እያኮረፈ በመንገድ ይዞራል። ይህ ሁሉ በውሰት ካርድ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተነበበው መጽሐፍ፣ በእርስዎ መዝገብ ማንም ያልነካው ሆነ።

፫. በምትኩ ስለላኩልን መጽሐፍም እጅ እነሣለሁ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል። በሽፋኑ ላይ ነጭ ድብና ፔንግዊን እጅ ለእጅ ተያይዘው በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ሁለቱ የሚኖሩት በምድር ተቃራኒ ጫፎች መሆኑን አልከራከርዎትም፤ ወዳጅነት ሩቅ አያግደውም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገልጬ ያጣሁት ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ በረዶ እንደሚሰበር አይናገርም። አብሮት የመጣው ደብዳቤዎ “ተፈጥሮ የምትወደድ እንጂ የምትፈራ አይደለችም” ይላል። እኛ ይህን ሐይቅ ከእርስዎ አብልጠን እንወደዋለን፤ የምንፈራውም ስለምናውቀው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ ሣቁን በባለ ቀለም ኅትመት አሳምረው አቀረቡልን።

፬. ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ላመሰግንበት ቃል አጥቻለሁ። አየሩ ሁለት ቀን ሞቅ ብሎ ስለነበር ወገቤን ይዤ ወደ ዳርቻው ወረድሁ። በጅረቱ በኩል በረዶው ግራጫ ሆኖ ነበር፤ በላዩም ትናንሽ የቦት ጫማ ዱካዎች ወደ ውስጥ ገብተዋል። አሥራ አንድ ቆጠርሁ፤ አሥራ ሁለተኛ አልነበረም። እዚያው ቁጭ አልሁ። ዓይኔ መለስ ሲልልኝ ነው፣ ዱካው ካበቃበት ወደ ዳርቻው የሚመለስ፣ ሰው በሆዱ የተሳበበት ሰፊ መስመር ያየሁት።

ቤት ስደርስ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ቲልዳ፣ የካፖርቷ ደረት እንደራሰ ምድጃው ሥር ተቀምጣለች። ለምን እንደሄደች ብጠይቃት፣ “አያቴ ደግሞ፣ ያን የሚያህል ድብ የቻለ እኔን አይችልም እንዴ?” አለችኝ። እንዴት እንደተመለሰችም ነገረችኝ፤ “በረዶው ጮኸብኝ። የድሮው መጽሐፍ ሲጮህ ተኝተሽ በመጣሽበት ተሳቢ ይል አልነበር?” ልቆጣት አፌን ከፍቼ አልቅሼ ዘጋሁት።

እንግዲህ ክቡር ሰብሳቢ፣ የልጅ ልጄን ያወጣት እርስዎ ወደ ወረቀት መፍጫ የላኩት መጽሐፍ ነው፤ አምና የልጆቹ ታናሽ እሷ ስለነበረች በቃሏ ይዛዋለች። ዘንድሮ የልጆቹ ታናሽ ያን መጽሐፍ ዓይታው የማታውቅ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። የቤተሰቧ ስም ፔልቶ ነው። እፈራለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምሸፍንበት ዘዴ አላገኘሁም።

፭. ስለ ፍጥነትዎ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኮሪን፣ መጽሐፉ ሲወሰድ ገንጥላ በመሳቢያዋ የደበቀቻትን የቀለማቱን ገጽ ረቡዕ ዕለት መስኮቱ ላይ ለጠፈቻት። “አርዲስ፣ ሌላውን ከላይ ነው የመጣው ብዬ ዝም ብያለሁ፤ ይቺን ግን ማንም አይነካትም” አለችኝ። “ያልተፈቀደው ወረቀት እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ይነሣ” የሚለው ትእዛዝዎ ሐሙስ ደረሳት። መጽሐፉ እንዲመለስልን በመስከረም የጻፍንልዎት ማመልከቻ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም፤ የእሱም መንገድ በበረዶ ላይ ይሆናል።

ጊዜዎን ስላጠፋሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ስለ ልጆቻችን ፍርሃት ከሩቅ ሆነው ላሳዩት ርኅራኄ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ያውም ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ፣ እጅ እየነሣሁ እሰናበትዎታለሁ።

የሐይቁ ዳር ትል ሻጭ፣ የቲልዳ አያት
አርዲስ ኬስኪታሎ

ማስታወሻ፦ ኮሪን ወረቀቷን አላነሣም ስላለች፣ ዓርብ ዕለት እርስዎ ራስዎ መምጣት ሊኖርብዎት ነው። በመንገዱ ዞረው እንዳይደክሙ፣ መኪናዎን ከማዶ አቁመው በበረዶው ላይ ያቋርጡ፤ ያጸደቁት መጽሐፍ በረዶው ድብ ይችላል ካለ እርስዎ አይከብዱትም። ቢዘገዩብን አይጨነቁ፤ የት እንደምንፈልግዎት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ተምረናል።