በሁለት ሰው ክንድ የተለካው ክፍል

እታለም፣

ከተለየሽን አራት ዓመት ሆነ፤ እኔ ግን ዛሬም ተቀይሜሻለሁ። ያንን ቢጫ ሜትሬን የት ነው ያስቀመጥሽው? በረንዳውን በግድግዳ ከፍለን መኝታ ክፍል የሠራንልሽ ዕለት ከእጅሽ እንደጠፋ ቀረ። ሰው ወደ ሰማይ ሲሄድ ቢያንስ የተዋሰውን ይመልሳል።

ቤትሽ ደህና ነው። ሰፈራችን ሮቫ ዳሌትም እንዳለ ነው፤ ሊፍቱ ይበላሻል፣ ይሠራል፣ ደግሞ ይበላሻል። እኔ ያንቺ ክፍል ውስጥ እተኛለሁ። ጠዋት ጸሎትሽን ታደርሺበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ።

ልጅሽ ኦርሊ ሻማይት ሆነች። ፈተናውን አልፋ፣ ከመንግሥት ፈቃድ የተቀበለች የቤትና የመሬት ዋጋ ገማች! ይህን የሰማሁት ግን ከጎረቤት ነው፤ ከእሷ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስሚኝ።

ለፈተናው ስትዘጋጅ፣ ለመለማመድ ብላ ቤትሽን ለካች። ክፍልሽ ላይ ስትደርስ፣ «አጎቴ፣ ለዚህ ኢሪያው፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ፈቃድ አልሰጠም። ክፍል ነው ብዬ ልጽፍ አልችልም» አለችኝ። «እናትሽ ዐሥር ዓመት የተኛችበትን በረንዳ ልትዪው ነው?» ብላት፣ «አዎ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ እጇ ግን ጻፈ።

ዝም ብል ምን ነበረበት! በአራተኛ ዓመት ተዝካርሽ ቀን፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ «ይህቺ ልጅ ራሷ ገና ፈቃድ የላትም፤ የእናቷን ክፍል ፈቃድ አምጣ ትለኛለች» ብዬ አሳቅሁባት። እሷ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወጣች። ይኸው አምስት ወር፤ አልመጣችም። እኔም አፍሬ አልደወልኩም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ያን ዕለት የጠየቀችኝን አለመመለሴ ነው። በሌዘር መለኪያዋ ሁለቴ ለካች፣ ሦስቴ ለካች፤ ክፍሉ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ሆነባት። «ማን ነው እንዲህ አጣሞ የሠራው?» አለች። አኩርፌ ስለነበር፣ ሜትሩ ሲጠፋ እንደ አገራችን በክንድ እንለካ ማለታችንን አልነገርኳት። በውስጥ በኩል እኔ ሰባት ክንድ፣ በውጭ በኩል አንቺ ሰባት ክንድ። ክንድሽ ከክንዴ ማጠሩ ትዝ ያለን ግድግዳው ከቆመ በኋላ! የሲሚንቶው ከረጢት ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

እታለም፣ ልጅሽ ትክክል ነበረች። ወረቀቱ ላይ በረንዳ ይባል። ያየችውን ብቻ መናገር ከአንቺ የወረሰችው ነው፤ አንቺስ መቼ አዳልተሽልኝ ታውቂያለሽ? ግድግዳው አንድ ቀን ይፈርስ ይሆናል። እኔ ግን እስካለሁ ድረስ ያንቺን ሰባት ክንድ በቃሌ ይዤ እኖራለሁ። ዛሬ ደውዬላት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ታሪኩንም እነግራ—

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። በዚህ ሰዓት ማንም አይመጣብኝም ነበር።

በቀዳዳው አየሁ፤ እስክከፍት ይህቺን ብቻ ልጻፍልሽ። ኦርሊ ናት። ሌዘሩ ያልፈታላትን በራሷ ሳትደርስበት አልቀረችም፤ እስኪከፈትላት ክንዷን ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ መቃኑ ላይ አስደግፋ ትለካለች።

ያንቺው አጭር ክንድ።