ለኅዳር ሚካኤል የጣልኩት ጠጅ

ጥቅምት 20፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

በፈጠረን፣ በተቤዠን፣ በሚያጸናን በአንዱ አምላክ ስም ሰላም ላንተ ይሁን፣ ማስታወሻዬ።

መረረ። ጽጌን እጾማለሁና እስከ 9 ሰዓት ጠብቄ ከጋኑ ጥቂት ጨለፍኩ። እንደ ኮሶ። ማሩ ጥሩ፣ ውኃው ጥሩ፣ ጋኑም በወይራ የታጠነ። የበደለው ጌሾው ነው፤ ወይ አብዝቼዋለሁ፣ ወይ ከልክ በላይ አፍልቼዋለሁ። አላውቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር፣ ባለቤቴ አስካለ ጠጅ ስትጥል አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ዓይኔ ከብራናው፣ ጆሮዬ ከተማሪዎቼ ዜማ አይለይም ነበር።

ካረፈች ጥር ላይ ዓመት ይሞላታል። ነፍሷን ይማርልኝ።

ጥቅምት 21፣ ጠዋት

ልጄ ሰብለ ከደብረ ብርሃን ደወለች። አልደበቅኋትም። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አዘነች። ከጠጅ ቤት ይገዛ፣ ካልሆነም ሁለት ሳጥን ቢራ ይዤ እወርዳለሁ አለች። የኅዳር ቅ/ሚካኤል ጽዋ ተራችን ሲደርስ በዚህ ቤት የተገዛ መጠጥ ቀርቦ እንደማያውቅ ነገርኳት። የቆየ ነገሯን አነሳች፦ ብቻህን አትችለውም፣ ጣርማ በርን ተሻግረህ እኔ ዘንድ ኑር።

ተስማማን። በእጄ የጣልኩት ጠጅ ለኅዳር 12 ካልደረሰ፣ ጽዋውን ለሌላ ማኅበርተኛ አስረክቤ፣ ቤቱን ዘግቼ ወደ ብርዱ እወጣለሁ።

ጓዳ ገባሁ። ከውኃው ጋን ሥር፣ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ፣ የአስካለ አንድ ጠርሙስ አለ። ባለፈው ኅዳር ከጣለችው የተረፈ። አፉ በሰም ታሽጓል፤ ሰሙ ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ። ጣቴን አሳረፍኩበት። መልሼ ቀበርኩት።

ጥቅምት 24

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ከቀወት አዲስ ማር አመጡልኝ። ማር ነጋዴ ናቸው፤ የአስካለ የልብ ወዳጅ። ጠጅ አይነኩም፤ በበዓሉ ማለዳ አስካለ ጌሾ የሌለበት ብርዝ ለብቻ ትበጠብጥላቸው ነበር። የመረረውን ጋን አሽትተው አፍንጫቸውን ያዙ።

«መሪጌታ፣ ወላሂ ይኼ መድኃኒት ነው! ለየትኛው በሽታ ነው?»

ጌሾውን ምን ያህል እንደጣድኩት ጠየቁ። እስኪበቃው፣ አልኳቸው።

«እስኪበቃው ማለት እስከ መቼ ነው? አላዜሙም እንዴ?»

አልገባኝም። አስረዱኝ። አስካለ ሰዓት አትመለከትም ነበር። የጠዋት ጸሎቴን በዜማ ስጀምር ጌሾውን ትጥዳለች፤ ስጨርስ ታወርዳለች። ጉንፋን የያዘኝ ዓመት እየሳልኩ ሳቋርጥ፣ «ሰውዬው ዛሬ ጌሾዬን ሊያሳርረው ነው» ብላ ተበሳጭታ ነበር አሉ። ሳቁ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። በእነዚያ ጠዋቶች ጓዳ ውስጥ ዝም የምትለው ለጸሎቱ ካላት አክብሮት መስሎኝ ኖሬአለሁ። ለካስ ቃል በቃል ትከተለኝ ነበር። ከደቀ መዛሙርቴ ማን እንዲያ ሰምቶኝ ያውቃል?

ማሩን በጠበጥኩ። ሁለተኛው ጋን ተጀመረ።

ጥቅምት 27፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ብርዙ በሦስት ቀን ፈላ፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለዚህስ ይመስገን። ጌሾውን ጣድኩ።

ከቀብሯ ወዲህ በዚህ ቤት ድምፄን አውጥቼ አላውቅም። በሹክሹክታ እጸልያለሁ። ዜማ ተቀባይ ይሻል፤ የእኔ ከቆርቆሮው ብቻውን ሲመለስ አልችለውም።

ጀመርኩ። ገና ከመነሻው ድምፄ ተሰበረ። ቆምኩ። ጌሾው ይንተከተካል።

ከአጥሩ ማዶ፦ «መሪጌታ! ያርራል እኮ!»

ቀጠልኩ። እያለቀስኩ ጨረስኩ። አወረድኩ።

ኅዳር 6

ጽጌ ተፈታ። ጌሾውን አውጥቼ፣ አጥልዬ ቀመስኩ። አይመርም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሆኖም የእሷን ጣዕም ይመስላል? ግልባጭ ከእናቱ ቅጂ ካልተመሳከረ አይታመንም። እናቱ አሸዋ ውስጥ ናት። ከከፈትኳት ታልቃለች። ካልከፈትኳት አላውቅም።

ኅዳር 11፣ ከሰዓት በኋላ

ስለ ጠርሙሱ ለእትዬ ዘይነባ አወራሁ። «የሚጠጣ ነው ወይስ የሚሳለሙት?» ብለው ጠየቁኝ። አስካለ ያስቀመጠችው ሰው እንዲጠጣው ነው አሉ። ተቆጣሁ። ደግ ተናግረዋል፤ ለዚህ ነው የተቆጣሁት።

ኅዳር 12፣ ማለዳ 12 ሰዓት

ሰብለ ከመናኸሪያ ደውላለች፤ መንገድ ላይ ናት። የእትዬ ዘይነባ ብርዝ በማሰሮ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ጌሾ በዞረበት አላለፈም።

ጠርሙሱን አወጣሁ። ሰሙን ሳልሰብር አነሳሁት። ሽታዋ ጓዳውን ሞላው፤ ያለፈው ኅዳር እንዳለ መጣ፤ ነጠላዋ፣ ጉርድ ቀሚሷ፣ ሁሉ። ልቅመስ? ዛሬ እቆርባለሁ፤ አፌ እስከ ቅዳሴው መጨረሻ አይከፈትም። እግዚአብሔር ሲፈርድልኝ ነው አልኩ። ሳልቀምስ፣ ሳላመሳክር፣ ሙሉውን ወደ ጋኑ ገለበጥኩት። ከእንግዲህ የእሷንና የእኔን ማንም አይለይም፤ እኔም ጭምር። ማኅበርተኛው ዛሬ ከእጇ ይጠጣል።

ባዶውን ጠርሙስ ከጋኑ ሞልቼ በአዲስ ሰም አሸግሁ። ለከርሞ ኅዳር። አሮጌውን ሰም፣ ጣቷ ያለበትን፣ ለጧፍ እንዲሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዤው እሄዳለሁ።

ለሰብለ የምነግራት ይህ ነው፦ በእንግድነት እንኳን ደህና መጣሽ፤ እኔ አልወጣም። ነገ ጠዋትም እዚሁ አዜማለሁ፣ የሚጣድ ጌሾ ባይኖርም።

ይህን የምታነብ፣ ማንም ሁን፦ ጋንህ አይጉደል፣ በርህ ከእንግዳ አይራቅ፣ የሚያዜምና የሚሰማ ከቤትህ አይጥፋ። የቅዳሴው ደወል ተደወለ፤ እኔም…